ዶክተር ሰርፀ እና ማንም ያልነካው መኪና

ሦስት ሐበሾች መኪና ባቆሙበት የዓለም ጥግ ሁሉ አንድ ዶክተር አለ። የሐኪም ቤቱን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ቀጠሮ ይፈልጋል፣ ኢንሹራንስ ይፈልጋል። እኔ የምለው ኮፈን በተከፈተ ቁጥር ከየት መጣ ሳይባል ከጎን የሚቆመውን፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ለአምስት ደቂቃ ሞተሩን ዝም ብሎ የሚያየውን፣ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን አፉን የምንጠብቀውን ሰው ነው። እናንተም አንድ አታጡም። የኛ የላስ ቬጋሶቹ ግን ክቡር ዶክተር ሰርፀ ይባላሉ፤ በማንም አንለውጣቸውም።

ዶክትሬቱን የሰጠናቸው እኛው ነን። ናዝሬት ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኤሌክትሪክ ሠርተዋል። ዲቪ ለባለቤታቸው ወጥቶ እዚህ ከመጡ በኋላ ደግሞ አንድ ካዚኖ ውስጥ ምንጣፍ ሲጠርጉ ኖሩ። በ2020 ማርች በኮሮናው ምክንያት ካዚኖዎቹ በራቸውን ሲዘጉ እሳቸውም እንደ ሁላችንም ቤት ዋሉ። አሁን ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ሥራ ፈትተዋል እንዳልል፣ ስልካቸው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይብሳል።

የማይታመነውን አሁኑኑ ተናግሬው ይውጣልኝ፤ ዶክተር ሰርፀ መኪና የላቸውም። መንጃ ፈቃድም የላቸውም። የከተማውን ሐበሻ መኪና ሁሉ አክመው፣ መሣሪያቸውን በፌስታል ይዘው፣ በአውቶቡስ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ደፍሬ ለምን እንደማይነዱ ጠየቅኳቸው። «የኔ ሥራ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ባለቤቱ ይወቅ» አሉኝ።

ዶክተር ሰርፀ ኮፈን አያስከፍቱም። መጀመሪያ ባለቤቱን ነው የሚከፍቱት። «ታሪኩን ንገረኝ» ይላሉ። መቼ ቆመ? ከመቆሙ በፊት ምን ይል ነበር? የት ነው ያደረው? አንተ ባትሪ ባትሪ እያልክ ስትቸኩል «ቀስ! እሱን ለኔ ተውልኝ» ይሉሃል። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልክ እንደ ንስሐ አባት ዓይንህን እያዩ ዋናውን ጥያቄ ይጠይቃሉ፦

«ማን ነካው?»

በዚች ጥያቄ ስንቱ ተጋልጧል። ፈድሉን እንውሰድ። ፈድሉ በመኪናው ሰው የሚያመላልስ፣ ትዕግሥተኛ፣ የአራት ልጆች አባት ነው። መኪናው በየማለዳው ባትሪ ይጨርሳል። ሁለት አዲስ ባትሪ ለወጠ፤ ያው ነው። ዶክተር ሰርፀ ታሪኩን ሰሙና «ማታ ማታ ማን ይነካዋል?» አሉት።

«ማንም፣ ጋሼ።»

«አንተስ?»

ፈድሉ አቀረቀረ። ለካ አራቱም ልጆች ትምህርታቸውን ቤት ውስጥ በኮምፒውተር በሚማሩበት በዚያ ዓመት፣ ሰውዬው ከራት በኋላ ትንሽ አየር ልውሰድ እያለ ይወርድና የቆመ መኪናው ውስጥ መብራት አብርቶ፣ ሬዲዮ ከፍቶ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ዶክተር አልሳቁበትም። «አየሩን አልከለክልህም፤ መብራቱን ግን አጥፋ» ብለው አሰናበቱት። ባትሪው እስከ ዛሬ ይሠራል።

ወይዘሮ የሺሃረግን ደግሞ ያከሟቸው በስልክ ነው። እመቤቲቱ «አንተም» በሚባለው ሰፈር፣ ከነተራራው የሚያምር ቤት ያላቸው፣ ባንክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚሠሩ፣ ሲናገሩ እንኳ የሚመርጡ ሰው ናቸው። መኪናቸው አልነሳ ብሎ ደወሉ። «ምን ይላል?» አሉ ዶክተር።

«ድምፅ አለው።»

«ድምፁን አሰሚኛ።»

«እ... ጠቅ ይላል።»

«አንድ ጊዜ ጠቅ ነው፣ ወይስ ጠቅጠቅጠቅጠቅ? በደንብ በይው፤ አትፈሪ።»

ጎረቤት ውሻውን እያንሸራሸረ በሚያልፍበት ደጃፍ ላይ ወይዘሮ የሺሃረግ በሙሉ ድምፃቸው «ጠቅጠቅጠቅጠቅ» አሉ። «ባትሪ ነው። አንድ ጠቅ ብቻ ቢሆን ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው ወይም የገመድ ግንኙነት እል ነበር» ብለው ስልኩን ዘጉ። ባትሪ ነበር። እኔ ይህን ስሰማ የሐኪም ጆሮ ማዳመጫ ከንቱ መሰለኝ።

መሣሪያቸው ደግሞ አንዲት አምፖል ናት። ከአሮጌ የጭነት መኪና የኋላ መብራት የተነቀለች፣ ሁለት ረጅም ሽቦ የተበየደላት፣ ከናዝሬት ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ የመጣች። አሁንም የምትኖረው ካልሲ ውስጥ ነው። ጓደኛችን የሺዋስ በስልክ የሚሠራ ስካነር አለው፤ ቀይና ሰማያዊ ቁጥር ይደረድራል። ዶክተር ስካነሩን በአክብሮት ያዩና «ጎበዝ፣ ያንተ ይናገራል። የኔ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ሌላ አያውቅም» ይላሉ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

እኔ ግዛው እባላለሁ፤ ካዚኖ በር ላይ የእንግዳ መኪና ፓርክ የማደርግ ሰው ነበርኩ። ሲዘጋ ቲፑም ሺፍቱም አንድ ላይ ቀረ። ባለቤቴ ጽጌወይን የሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር፤ የእሷም ወደ ሁለት ቀን ወረደ። ስለዚህ ከአንድ ሜክሲኳዊ ሽማግሌ ከኋላው ሳጥን ያለው አሮጌ የጭነት መኪና ገዛሁና ከአንድ መጋዘን አትክልት እየጫንኩ ለምግብ ቤቶችና ከቤት ለማይወጡ አዛውንቶች ማድረስ ጀመርኩ። ቤታችን የሚተዳደረው በዚያ መኪና ነው። ሮድስ ራንች አጠገብ ያለው አፓርታማችን ትልቅ መኪና ስለማያስገባ፣ ከአንድ የሐበሻ ሱቅ ጀርባ ነው የማሳድረው።

በ2021 ፌብሩዋሪ፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ ቁልፉን አዞርኩ፤ ጠቅ አለና ሁሉም ነገር ጠፋ። ዳሽቦርዱ ጨለመ፣ ሬዲዮው ሞተ፣ የበሩ መብራት እንኳ ከሰመ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ደግሜ አዞርኩ፤ ጠቅ፣ ጨለማ። ሐሙስ ቀረሁ። ዓርብ ባትሪ ለውጬ ሞከርኩ፤ ያው ሆነና ዓርብም ቀረሁ። ከመጋዘኑ መስመር የሚያድለው ሰውዬ ደወለልኝ። ክፉ ሰው አይደለም። «ሰኞ ጠዋት በፈረንጅ ስድስት ሰዓት እዚህ ከሌለህ መስመሩን ለሌላ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ አዛውንቶቹ መብላት አለባቸው» አለኝ። ምን እለዋለሁ? እውነቱን ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ዶክተር ሰርፀ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጡ። ማስክ አድርገዋል፣ ፌስታላቸውን ይዘዋል። የሐበሻ ሱቅ ጀርባ ኮፈን ሊከፈት ነው ሲባል ሰው እንዴት እንደሚሰበሰብ ታውቃላችሁ። ፈድሉ መጣ፣ የሺዋስ ከነስካነሩ መጣ፣ ለዳቦ የወጡ ሦስት አራት ሰዎችም ዳቦውን ረስተው ቆሙ። ስካነሩ ግን አልበራም። ለካ እሱም ኃይል የሚያገኘው ከመኪናው ኖሯል፤ ቁልፉ በዞረ ቁጥር አብሮ ይሞታል።

«ታሪኩን ንገረኝ» አሉ ዶክተር። ነገርኳቸው።

«የሬዲዮው ሰዓትስ? ሲመለስ ትክክል ነው?»

«አይደለም፤ እንደገና ነው የሚጀምረው።»

ዓይናቸው በራ። «የገመድ ግንኙነት ይሸተኛል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማን ነካው?»

እዚህ ላይ ለእናንተ እውነቱን ልናገር። ከዚያ ስድስት ወር በፊት፣ ኦገስት ላይ፣ እዚሁ ቦታ፣ 112 ዲግሪ ፋራናይት በሚያቃጥል ቀን፣ ከባትሪው ወደ መኪናው ብረት የሚሄደው ጥቁር ገመድ ጫፉ ተሰብሮብኝ ነበር። የተሰበረውን ቆርጠው፣ አዲስ ጫፍ አድርገው፣ ገመዱ ስላጠረ ቀረብ ያለ ሌላ ብሎን ላይ ያሰሩልኝ አንድ ሰው ነበሩ። እኔ ከጀርባቸው ቆሜ «ጋሽ ሰርፀ ይፍጠኑልኝ፣ ሰላጣው በሙቀት ሊሞት ነው» እያልኩ ነበር። እና ያንን ገመድ የነኩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በዓመት ስንት መኪና ያያሉ፤ ረስተውታል።

አሁን ያ ሁሉ ሰው ከቦ ቆሞ፣ የሺዋስ ስካነሩን እንደያዘ፣ እኒህን ትልቅ ሰው «እርስዎ ነዎት» እንዴት እላለሁ? ሽማግሌው በነፃ፣ በአውቶቡስ መጥተው?

«ማንም አልነካውም፣ ጋሼ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማንም ካልነካውማ ገመድ በገዛ እጁ አይፈታም። የሚያረጀው ሞተሪኖው ነው፤ ኃይሉን ሁሉ እየዋጠ መሆን አለበት።» ከመኪናው ሥር ገብተን ሞተሪኖውን እስክንፈታ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች። የሺዋስ ይዞት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ፤ እዚያ መፈተሻ ላይ አሠሩት። ሲመለስ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ፈገግታ ልበለው ወይስ ሐዘን፣ አላውቅም። «ምንም አልሆነም። እንደ አዲስ ነው የሚዞረው» አለ።

ዶክተር ሰርፀ ሲሳሳቱ ያየሁት በዚያን ቀን ብቻ ነው። ለዳቦ የወጡት ዳቦአቸው ትዝ አላቸውና ሄዱ። እሳቸው ሞተሪኖውን መልሰው አሰሩ፣ ከዚያ አንድ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡ። እጃቸውን አገላብጠው ያያሉ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመለሳለሁ» ብለው ፌስታላቸውን አነሱ። ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ማታ ራት ላይ ለጽጌወይን ነገርኳት። ጉርሻዋን አቆመች። «ክብራቸውን ጠበቅክ ማለት ነው?» አለችኝ።

«መሰለኝ።»

«እሳቸው አሁን አርጅቻለሁ እያሉ ቤታቸው ተቀምጠዋል፤ አንተ ሰኞ ሥራ የለህም። ይሄ ነው የጠበቅከው?» አለችና ሳህኗን ይዛ ተነሳች። ስልኬን ሦስት ጊዜ አነሳሁ፤ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ።

እሑድ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቀድሜ ሄጄ ጠበቅኳቸው። ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ከኋላቸው ግን ፈድሉና የሺዋስ ነበሩ፤ አፌ ተያዘ። እሳቸውም ዕድል አልሰጡኝም። ታሪክ አልጠየቁም፣ ማን ነካው አላሉም። «ዛሬ ሰው አልጠይቅም። መኪናውን ነው የምጠይቀው» አሉና ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። አምፖሏን ከካልሲዋ አወጡ።

ፈድሉ መሪው ላይ ተቀመጠ። እኔ ከጎናቸው ቆምኩ። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ሁለቱን ሽቦዎች የባትሪው ሁለት ጫፍ ላይ ነኩ። አምፖሏ ቦግ አለች። «አዙር!» አሉ። ፈድሉ አዞረ፤ መኪናው ጠቅ አለና ጨለመ፣ አምፖሏ ግን ፍንክች አላለችም። «ባትሪው ጤነኛ ነው» አሉ። ከዚያ አንዱን ሽቦ ባትሪው ላይ ትተው ሌላውን ወደ ሞተሩ ብረት ወሰዱት። በራች። «አዙር!» ድርግም አለች። «ድገመው!» አሁንም ድርግም። ጎንበስ ብለው ጥቁሩን ገመድ እየተከተሉ ሄዱ። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ብረት ነኩ። «አዙር!» ቦግ እንዳለች ቀረች። ሽቦውን በአንዲት ጣት ስፋት ብቻ አንቀሳቅሰው የመኪናውን አካል ነኩ። «አዙር!» ጠፋች።

«ከዚህ እስከዚህ» አሉ በጣታቸው እያሳዩ። «ችግሩ ያለው እዚች ውስጥ ነው።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሁለት ቶን ብረት፣ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሰበሰበን ጉድ፣ በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ ነበር። ያገኘችውም ካልሲ ውስጥ የምትኖር አምፖል ናት።

ብሎኑን ሊፈቱ ገመዱ ላይ የተጠቀለለውን ጥቁር ፕላስተር መላጥ ነበረባቸው። የፕላስተሩን ጫፍ ፈለጉና እጃቸው ቆመ። ጫፉ ወደ ውስጥ ትንሽ ታጥፏል። ይህንን ልማዳቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፕላስተር ሲጠቀልሉ መጨረሻውን ጥፍር የሚይዘው እንዲያገኝ አጥፈው ነው የሚተዉት። «ለሚቀጥለው ሰው» ይላሉ። ሌላ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አላየሁም።

ብሎኑ ተፈታ። ከሥሩ ያለው ብረት ነጭ ቀለሙ ሳይነካ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ቀለም ላይ የታሰረ ገመድ ለትንሽ መብራት ይበቃል፤ ሞተሪኖው ኃይል ሲጠራ ግን አያሳልፍም። ሙቀቱና ንዝረቱ አላልተው እስኪጨርሱት ስድስት ወር ታግሦልኛል።

የሺዋስ አንገቱን አስግጎ አየ። «ወይ ጉድ! የትኛው ቂል ነው ቀለም ላይ ያሰረው?» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ዶክተር ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ፕላስተሩን ልጠው ኪሳቸው ቢከቱት ማን ያውቅባቸዋል? እኔ መቼም አልናገርም፤ ቅዳሜ አስመስክሬያለሁ።

ዶክተር ሰርፀ ቀና አሉ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ኦገስት ላይ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሳስተምር፣ ገመድ ከማሰራችሁ በፊት ቀለሙን ፋቁ ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ እኔው ነኝ።» ቃሉን አላለሰለሱትም፣ ሙቀቱን አላነሱም፣ ሰላጣዬንም አላነሱም። የሺዋስ ስካነሩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ስጠይቅህ?»

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው። በሰው ፊት...»

«ስማ ግዛው። ስህተት አዲስ አይደለም፤ ስንቱን አበላሽቼ ስንቱን አስተካክያለሁ። እኔ ትናንት ያስፈራኝ አለማወቄ ነው። ታሪኩ ትክክል፣ ድምፁ ትክክል፣ መልሱ ግን ስህተት ሆነብኝ። ጆሮዬ ከዳኝ፣ አለቀ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሳይ ነው ያደርኩት። አንዲት ቃል ብትነግረኝ ተኝቼ አድር ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፣ አልደብቅም።

«ብርጭቆ ወረቀት አምጣ» አሉኝ።

እኔው ፋቅኩት። እሳቸው ከላይ ቆመው «ገና ነው፣ ገና ነው» ይላሉ። ብረቱ ሲያብረቀርቅ «በቃ» አሉ። አሰሩ፣ ጠቀለሉ፣ ጫፏን አጠፏት። ፈድሉ ቁልፉን አዞረ፤ ያ አራት ቀን የሞተ መኪና ባንዴ አጓራ። ስድስት ጫማ መራራቅ የተባለውን ሁላችንም ረሳነው፤ ፈድሉ ከመኪናው ዘሎ አቀፋቸው።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ወደ ሱቁ ጀርባ ስደርስ አንድ ሰው መኪናዬ አጠገብ ቆሟል። ኮት ደርበዋል፣ ማስክ አድርገዋል፣ እጃቸው ላይ ያች ፌስታል አለች። ከሴንቴኒያል ሂልስ እዚህ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደተነሱ እግዜር ይወቀው።

«ጋሽ ሰርፀ! ምን ሆነው ነው በዚህ ብርድ?»

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማን ነካው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት» አልኩ። «ኦገስት ላይም እርስዎ፣ ትናንትም እርስዎ።»

ከማስኩ በላይ ዓይናቸው ሲስቅ አየሁት። «እንዲህ ነው ታሪክ መናገር» አሉ። «አስነሳው።»

ተነሳ። ላድርስዎት ብላቸው እምቢ አሉ፤ አዛውንቶቹ ይጠብቁሃል ሂድ ብለው በእጃቸው ገፉኝ። ስወጣ በመስታወት አየኋቸው፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሞተሩን ድምፅ እያዳመጡ ነበር። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ። መስመሩ ዛሬም የኔ ነው።

አሁን ኮፈኑን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያችን የታጠፈች የፕላስተር ጫፍ ነው። የሺዋስ ባለፈው ሳምንት፣ ገመዱ ቢታይ አይከፋም ብሎ በጥፍሩ ሊልጣት ሲል እጁን ያዝኩት። የሚቀጥለው ሰው እሳቸው ራሳቸው እንዲሆኑ ነው የምፈልገው።